የገዛችሁት የድሮ ጌም ከሽያጭ ሳይወጣ ኢንስታለሩን አውርዱ

ኮዬ ፈጬም ሁኑ ቱሉ ዲምቱ፣ የድሮ ጌም ከጎግ (GOG፣ የኦንላይን ጌም መደብር) የምትገዙ ልጆች፣ «አካውንቴ ላይ አለ» ብላችሁ አትዘናጉ። ዋርክራፍት 1 እና 2 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2024 ከዚያ መደብር ሽያጭ ወጥተዋል። ቀድሞ የገዛ ግን አልተነጠቀም።

በብራውዘር ገብታችሁ ከጌማችሁ ሥር «ኦፍላይን ባክአፕ ጌም ኢንስታለርስ» የሚለውን ክፈቱ። ከኤግዜ (.exe) ፋይሉ ጋር ቢን (.bin) ፋይል ካለ እሱንም አውርዱ፤ አንዱ ከጎደለ ኢንስታል አይሆንም። የሌሊት ጥቅል ይሻላል፣ በኛ በኩል መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ነው የሚሄደው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡና ኢንተርኔት አጥፍታችሁ ኢንስታል አድርጋችሁ ሞክሩት። ፍላሽ ላይ ብቻ እንዳታስቀምጡ! ጓደኛ ተውሶት ቫይረስ ጭኖ ነው የሚመልሰው (ከመለሰው)።