ከምዝገባ እስከ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና)፦ በወሎ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለሚሰለጥኑ የደንብና የምዘና መመሪያ

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመጣ ተማሪ ይዞት የሚመጣ ልማድ አለ፤ ሂሳብ ቢጥለው በባዮሎጂ አካክሶ ያልፋል። ደሴ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ይግባ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ ይህ ልማድ ገና በመጀመሪያው ሞጁል አያዋጣውም። የሙያ ስልጠና የሚሰጠው በወጣለት የሙያ ደረጃ መሰረት ነው። ሙያው በብቃት አሃዶች ይከፈላል፤ አሃዱ በሞጁል፣ ሞጁሉ በመማር ውጤቶች ይዘረዘራል። በእያንዳንዱ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ብቻ ነው፦ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ»። በአንዱ ያላችሁ ብልጫ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። ቀሪው የኮሌጅ ደንብ ሁሉ የሚቀዳው ከዚህ ነው፤ ይህን የጨበጠ ሰልጣኝ መቅረት ለምን እንደሚያስጥል፣ ሎግቡክ (የየዕለቱ ሥራ መመዝገቢያ ደብተር) ለምን እንደሚፈተሽ ማስረዳት አያስፈልገውም።

በመጀመሪያው ሳምንት

ሬጅስትራር ዘንድ ስትሄዱ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ዋናውን አሳይታችሁ መልሳችሁ ውሰዱ፤ የሚቀረው ኮፒው ነው። ዋናውን አስቀምጡ ከተባላችሁ መቀበያ ደብዳቤ ይሰጣችሁ።

ከዚያ ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ የሙያችሁን የሞጁል ዝርዝር ከነሰዓቱ፣ የኮሌጁን የሰልጣኞች ደንብ፣ የዓመቱን የስልጠና ካላንደር። ደንቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ከተለጠፈ በስልክ ፎቶ አንሱት። ብዙ ሰልጣኝ ደንቡን የሚያነበው ከተቀጣ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቅሬታው ቀን ያልፋል።

ሞጁል የሚለካው በሰዓት ስለሆነ መቅረትንም በሰዓት ቁጠሩት። አንድ ሞጁል 80 ሰዓት ቢሆንና የኮሌጃችሁ ደንብ 85 በመቶ መገኘት ቢጠይቅ፣ ልትቀሩ የምትችሉት 12 ሰዓት ነው። በቀን አራት ሰዓት ወርክሾፕ ካለ ሦስት ቀን ማለት ነው። «ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረሁት» የሚል ሰልጣኝ ጣሪያው ላይ ደርሷል ማለት ነው። የእናንተን ኮሌጅ ቁጥር ከደንቡ ወስዳችሁ ይህንኑ ስሌት ለእያንዳንዱ ሞጁል ደብተር ላይ ሥሩት።

ማርፈድ በክልላችን መንገድ የተለመደ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚመላለስ ልጅ የሐረጎን ዳገት መውጣት አለበት፤ በክረምት ጉም ሲወርድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የማይሞላው መንገድ ከታሰበው በላይ ይፈጃል። ችግሩ መዝገቡ ብቻ አይደለም። አሰልጣኙ ማሽኑን አስነስቶ የሚያሳየውና ስለ አደጋው የሚናገረው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው። ያንን ያላየ ሰልጣኝ ማሽን እንዳይነካ የሚከለክል አሰልጣኝ ልክ ነው። ስለዚህ ወርክሾፕ ባለበት ቀን አንድ መኪና ቀድማችሁ ውጡ።

ከታመማችሁ የጤና ተቋም ወረቀቱን በዚያው ሳምንት አስገቡ፤ ወር ቆይቶ የመጣ ወረቀት ተቀባይነቱ ያጠራጥራል። ለቅሶ ከገጠማችሁ በዕለቱ በክፍል ተጠሪ በኩል ቃል ላኩ፤ ስትመለሱ በጽሑፍ አመልክቱ። ቃል ብቻ ፋይል ውስጥ አይገባም። ግብርና የምትሰለጥኑ፣ ለምሳሌ መርሳ ያላችሁ፣ ከሌላው ይልቅ እናንተ ተጠንቀቁ። የብየዳ ልምምድ ያመለጠው በሚቀጥለው ሳምንት ይደግመዋል፤ የጤፍ ዘር ያመለጠው ግን ሐምሌን ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

የተግባር ምዘና እንዴት ይታያል

አሰልጣኙ የሚይዘው ቅጽ የነጥብ ዝርዝር ነው፤ በእያንዳንዱ ነጥብ አንጻር «አሳይቷል» ወይም «አላሳየም» ብሎ ምልክት ያደርጋል። የመጨረሻው ሥራ ማማሩ አንድ ነጥብ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሰልጣኞችን የሚጥል አንድ ሥራ እንመልከት፦ የደረጃ መብራት፣ ማለትም አንድን አምፖል ከታችም ከላይም በሁለት ቱ ዌይ ስዊች ማብራትና ማጥፋት።

መጀመሪያ ብሬከሩ ይጠፋል፤ ቀጥሎ መጥፋቱ በቴስተር ይረጋገጣል። ቴስተሩም አስቀድሞ ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ተሞክሮ መሥራቱ መታወቅ አለበት፤ የተበላሸ ቴስተር ሁልጊዜ «የለም» ይላልና። ከዚያ ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ወደ መጀመሪያው ስዊች ኮመን (የጋራ ቀዳዳ) ይገባል። ከሁለቱ የቀሩት ቀዳዳዎች የሚነሱ ሁለት ሽቦዎች ወደ ሁለተኛው ስዊች ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ይሄዳሉ። ከሁለተኛው ስዊች ኮመን ወደ አምፖሉ አንድ ሽቦ ይወጣል። ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) በስዊች ሳያልፍ በቀጥታ አምፖሉ ላይ ያርፋል።

ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው ፌዙን ኮመን ላይ በማሰር ፋንታ ከሁለቱ ማገናኛ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ማሰር ነው። ያኔ አንዱ ስዊች የሚሠራው ሌላው በተወሰነ አቅጣጫ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሰልጣኙ አንዴ አብርቶ አጥፍቶ «ሠርቷል» ብሎ ያስረክባል። አራቱን የስዊች አቀማመጥ በሙሉ ሞክሩ፤ አንዱን ስዊች በነካችሁ ቁጥር መብራቱ መለወጥ አለበት። ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው፦ በስዊች ያለፈው ፌዙ ሳይሆን ኒውትራሉ ሲሆን። መብራቱ ያለ እንከን ይበራል፣ ይጠፋል። ነገር ግን ስዊቹ ጠፍቶም ሆልደሩ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፤ አምፖል ሊቀይር የወጣ ሰው ይያዛል። እንዲህ የሠራ ሰልጣኝ «በርቶልኝ ለምን ጣልከኝ» ብሎ ቢያዝን አይደንቅም፤ ሆኖም ብቁ አይባልም፤ መባልም የለበትም።

የሌላውም ሙያ ምዘና እንዲሁ ነው። ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ 25 ሚሊ ሜትር፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.1 የተባለ ዘንግ 25.3 ቢሆን ይስተካከላል፤ 24.7 ቢሆን ግን የተቆረጠ ብረት አይመለስም። ስለዚህ ልኩ ሲቃረብ ማሽኑን አቁማችሁ፣ ትኩሱ እስኪበርድ ጠብቃችሁ፣ ሁለት ቦታ ላይ በካሊፐር ለኩ። ትኩስ ብረት ስለሚሰፋ በትኩስነቱ ልክ የነበረው ሲቀዘቅዝ ያንሳል።

የወርክሾፕ ደንብ ከምዘናው አይለይም

ቱታ የተቆለፈ፣ ጫማ የተሸፈነ ይሁን። ነጠላ፣ ሻርፕና የሂጃብ ጫፍ ቱታ ውስጥ ይግባ፤ ረጅም ፀጉር ይታሰር። በሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት አይደረግም፤ ጓንቱ ሲያዝ እጅን ይዞ ይገባል። የቶርኖን የቻክ (የብረት መያዣ) ቁልፍ ማሽኑ ሳይነሳ ንቀሉ፤ ተረስቶ የቀረ ቁልፍ ሲነሳ እንደ ጥይት ይወረወራል። ብየዳ በጥቁር መስተዋት እንጂ በፀሐይ መነጽር አይታይም፤ አጠገብ ቆሞ የሚያይም ሌሊት ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥለዋል።

መሣሪያ ከስቶር ስትወስዱ ፈርማችሁ ነው፤ ከመፈረማችሁ በፊት እዩት። የተሰበረውን ሳያዩ የፈረሙ ሰልጣኞች ሰባሪዎች ይሆናሉ፤ በመጨረሻም ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለባቸው ማረጋገጫ) ላይ ይያዛሉ።

የትብብር ስልጠና

የትብብር ስልጠና ኮሌጅና ድርጅት ተባብረው የሚሰጡት ነው። አሠራሩ ሲቀረጽ ከስልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሆን ታስቦ ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክም ያላት ከተማ ስለሆነች፣ ለወሎ ሰልጣኝ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሳይጠቀሙበት ማለፍ ያሳዝናል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በሰልጣኙ፣ በኮሌጁና በድርጅቱ መካከል ውል ይፈረም። ውሉ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የምትመደቡበትን ክፍል፣ የሚከታተላችሁን ሰው፣ የአደጋ መከላከያ ልብስ የሚያቀርበውን ወገን፣ አደጋ ቢደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ይያዝ። የአርብ ጁምዓ ሰላት ላላችሁም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአርብ ምሳ ሰዓት በፋብሪካ ፈረቃ ላይኖር ስለሚችል፣ ሰዓቱን በመጀመሪያው ቀን ከሽፍት ኃላፊው ጋር ተነጋገሩ፤ ተነግሮት እንቢ የሚል ጥቂት ነው፣ ሳይነገረው ማሽን ተትቶ ሲያገኝ ግን መቅረት ይጽፋል።

ሎግቡክ ላይ ሰልጣኞች በብዛት የሚጽፉት «ዛሬ ስለ ሞተር ጥገና ተማርኩ» የሚል ነው። ይህ ምንም አያረጋግጥም። እንዲህ ይጻፍ፦

«ሰኞ፣ ከ2፡30 እስከ 6፡30። የማጓጓዣ ሞተር ቤሪንግ ተቀየረ። እኔ የሠራሁት፦ ብሬከር አጥፍቼ ምልክት ሰቀልሁ፣ አሮጌውን በፑለር አወጣሁ፣ ዘንጉን አጸዳሁ። የተሳሳትሁት፦ አዲሱን ቤሪንግ ስገጥም የውጭ ቀለበቱን መታሁ፤ ኃላፊው አስቆመኝ። ዘንግ ላይ ሲገጠም የሚገፋው የውስጡ ቀለበት ነው፣ አለዚያ ኳሶቹ ይጎዳሉ።»

አምስት መስመር ነው፤ ማን ምን እንደሠራ፣ የት እንደተሳሳተና ለምን እንደሆነ ያሳያል። ስህተት መጻፍ ነጥብ ያስቀንሳል ብላችሁ አትፍሩ፤ ስህተት የሌለበት ሎግቡክ ነው የሚያጠራጥረው። በየሳምንቱ አስፈርሙት። ለመጨረሻው ቀን ካቆያችሁት የሚከታተላችሁ ሰው ፈቃድ ወጥቶ ወይም ተዛውሮ ይሆናል፤ የሚተካው ደግሞ ባላየው ሥራ አይፈርምም።

ድርጅቱ ለሳምንታት ዕቃ ሲያሸክማችሁ ወይም አንድ ሥራ ብቻ ሲያስደጋግማችሁ ተጣልታችሁ አትውጡ። የሞጁል ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ያልተነካውን አሳዩ፤ ካልተለወጠ ለኮሌጁ የትብብር ስልጠና አስተባባሪ በጽሑፍ አሳውቁ። ሳትነግሩ ከወጣችሁ ጥፋተኛዎቹ እናንተ ናችሁ።

ስለ መኮረጅ አንድ ነገር። የተገዛ ፕሮጀክት ወይም የጓደኛ ድሮዊንግ አሰልጣኙን ለማታለል ይበቃ ይሆናል፤ «ይህን ልክ ለምን መረጥህ?» የሚለውን ጥያቄ ግን አያልፍም። አብራችሁ ከሠራችሁ የየድርሻችሁን ለይታችሁ ጻፉ፤ መተጋገዝ አልተከለከለም፣ የተከለከለው የሰውን ሥራ የራስ ማድረግ ነው።

«ገና ብቁ ያልሆነ» ሲባል

«ገና» የሚለው ቃል ትርጉም አለው። የሚደገመው የወደቃችሁበት የመማር ውጤት ነው፤ ሁሉም አይደለም። አሰልጣኙን የምትጠይቁት «ስንት አገኘሁ» ብላችሁ ሳይሆን «የትኛውን ነጥብ አላሳየሁም» ብላችሁ ነው። ያንን ተለማመዱ፤ ስንት ጊዜ መደገም እንደሚቻልና እስከ መቼ ከደንቡ ላይ እዩ።

ፍርዱ ልክ አይደለም ካላችሁ በቅደም ተከተል ሂዱ፦ አሰልጣኙ፣ የክፍል ኃላፊው፣ ከዚያ ዲኑ ወይም የቅሬታ ኮሚቴው። ማመልከቻው ግማሽ ገጽ ይብቃው፦ ሞጁሉ፣ የምዘናው ቀን፣ የምትከራከሩበት ነጥብ፣ ማስረጃችሁ፣ የምትጠይቁት። «በደል ደርሶብኛል» የሚል ረጅም ጽሑፍ መልስ ለመስጠት አያመችም። ሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ በእናንተ ኮፒ ላይ የተቀበለበት ቀንና ፊርማ ይኑር።

ማቋረጥ ግድ ሆኖባችሁ ከሆነ እንደ ጠፋ ሰው ተመዝግባችሁ አትቅሩ። የማቋረጫ ቅጽ ሙሉ፣ ክሊራንስ ጨርሱ፣ ያጠናቀቃችኋቸውን ሞጁሎች ውጤት ማህተም አስደርጋችሁ ያዙ። ፎርማል የወጣ ሰው ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል፤ የጠፋ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በወሎ በርካታ ተቋማት ንብረትና ሰነድ አጥተዋል። ስለዚህ የውጤታችሁ፣ የሎግቡካችሁና የውላችሁ ኮፒ አንድ ቤት፣ አንድ ደግሞ ስልክ ላይ ወይም ኢሜይል ውስጥ ይኑር።

ለሲኦሲ ስትቀርቡ

ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ለማለፍ የደረጃው የሙያ ብቃት ምዘና ያስፈልጋል። የሚመዝናችሁ ያሰለጠናችሁ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ «ያውቀኛል» የሚባል ነገር የለም። ጽሑፍም ተግባርም አለው። ከመመዝገባችሁ በፊት የብቃት አሃዶቹን ዝርዝር ይዛችሁ በእያንዳንዱ አንጻር «ብቻዬን፣ ሰው ሳይነግረኝ እሠራለሁ» ወይም «አልሠራም» ብላችሁ ጻፉ። «ትንሽ ትንሽ» የሚል መልስ «አልሠራም» ነው።

በዕለቱ መታወቂያ፣ የምዝገባ ወረቀት፣ ቱታና ጫማ ይያዝ። ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ማሽን ከመንካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ አንብቡት፤ ልኩን፣ የተሰጠውን ቁሳቁስና ሰዓቱን አስምሩበት። ቁሳቁሱን ቁጠሩ፤ የጎደለ ካለ ሥራው ሳይጀመር ተናገሩ፣ ከተጀመረ በኋላ ያበላሻችሁት ይመስላል። ግማሽ ሰዓት ሲቀር አዲስ ነገር አትጀምሩ፤ የሠራችሁትን ፈትሹ፣ መሣሪያውን መልሱ፣ ቦታውን ጥረጉ። ማጽዳቱም ቅጹ ላይ ነጥብ አለው።