አር እና ኤስን ሞለኪውሉን ሳያዞሩ መለየት
ለፋርማሲ ተማሪዎች፦ አር እና ኤስ እንደ መስታወት ምስል የሚገለባበጡ የአንድ ሞለኪውል ሁለት ቅርጾች ስሞች ናቸው፤ ሃይድሮጅኑ ከኋላ ሆኖ የቡድኖቹ ዙር በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ከሄደ አር፣ በተቃራኒው ከሄደ ኤስ ይባላል። ሃይድሮጅኑ በደማቅ ሽብልቅ መስመር ወደ እናንተ ወጥቶ ሲሳል፣ ሞለኪውሉን በሐሳብ ለማዞር አትድከሙ፤ በቅድሚያ ደረጃቸው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉትን ቡድኖች እንደተሳሉ ተከትላችሁ አቅጣጫቸውን ካወቃችሁ በኋላ መልሱን ገልብጡት። በኢቡፕሮፌን ቅደም ተከተሉ ካርቦክሲል፣ አሮማቲክ ቀለበት፣ ሜቲል ነው፤ ሃይድሮጅኑ ከፊት ሆኖ ዙሩ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ከሄደ መልሱ አር ሳይሆን ኤስ ነው፣ ማለትም ሕመሙን በዋናነት የሚያስታግሰው ቅርጽ። ደንቡ የሚያዘው ሃይድሮጅኑን ከኋላ አድርጎ ማየትን ስለሆነ፣ በፒያሳ መድኃኒት ቤቶች መስታወት ላይ ያለው ጽሑፍ ከውስጥ ሲታይ እንደሚገለበጥ ሁሉ፣ ከተቃራኒ ወገን የታየ ዙርም ይገለበጣል። ሃይድሮጅኑ በተራ መስመር፣ ማለትም በወረቀቱ ገጽ ላይ፣ ከተሳለ ግን ዘዴው እንዳለ አይሠራም፤ አስቀድማችሁ ከኋላ ካለው ቡድን ጋር ቦታ አቀያይሩት፣ ከዚያ ያገኛችሁትን ገልብጡ።