ሩቅ ካለ ኮምፒውተር መስኮት አልከፈት ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በኤስኤስኤች፣ ሩቅ ያለን ኮምፒውተር በመረብ በኩል በጽሑፍ ለማዘዝ በሚያገለግለው ፕሮግራም፣ ወደ አንድ ሩቅ የሊኑክስ ኮምፒውተር ገብተዋል። ፋይል ሲያዘረዝሩት ይዘረዝራል፣ ስሌት ሲሰጡት ያሰላል። መስኮት ያለው ፕሮግራም ሲጠሩ ግን «ካንት ኦፕን ዲስፕሌይ» ብሎ፣ ማሳያ መክፈት እንዳልቻለ በአንድ መስመር ነግሮዎት ያቆማል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙን አራግፎ እንደገና ይጭናል። ፕሮግራሙ ግን ምንም አልሆነም፤ የጎደለው መንገድ ነው።

መንገዱን የሚዘረጋው ኤክስ የሚባለው የመስኮት ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በኤምአይቲ ተጀመረ፤ ዛሬም የምንሠራበት 11ኛው እትም በ1987 ወጣ። በዚህ ሥርዓት «ሰርቨር» የሚባለው እፊትዎ ያለው ኮምፒውተር ነው፤ ማሳያውን፣ ኪቦርዱንና ማውዙን የሚያቀርበው እርሱ ነውና። ሩቅ ያለው ፕሮግራም ደንበኛ ነው፤ «እዚህ መስመር አስምርልኝ፣ እዚያ ይህን ጽሑፍ አስቀምጥልኝ» እያለ ይጠይቃል። በሌላው ሥራችን ሁሉ ሰርቨር የምንለው ሩቅ ያለውን ስለሆነ፣ ስህተቱን በተሳሳተው ማሽን ላይ ስንፈልግ እንውላለን። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ከታች ያሉትን ችግሮች አብዛኞቹን ራሱ ይደርስባቸዋል።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያው መስኮት) ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

ከሁሉ በፊት ሩቁ ኮምፒውተር ላይ «ኤኮ»፣ ቀጥሎም የዶላር ምልክትና በትልልቅ ፊደል «ዲስፕሌይ» ብለው ይጻፉ፤ ይህ ፕሮግራሞች መስኮታቸውን የሚልኩበትን የማሳያ አድራሻ ያሳያል። ጤነኛው መልስ «ሎካልሆስት:10.0» ወይም ለዚህ የቀረበ ነው። 10 የሆነበት ምክንያት ኤስኤስኤች ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ለእውነተኛ ማሳያዎች ስለሚተው ነው። ከዚህ በኋላ የሚሄዱበትን አቅጣጫ የሚወስነው ይህ መልስ ነው።

መልሱ ባዶ ከሆነ

መንገዱ ጨርሶ አልተከፈተም። የመጀመሪያው ምክንያት ቀላል ነው፤ ሲገቡ «ኤስኤስኤች» ካሉ በኋላ ሰረዝና ትልቁን ኤክስ አልጻፉም። ትንሹ ኤክስ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ይዘጋል። ወጥተው በትልቁ ይግቡ።

አሁንም ባዶ ከሆነ ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ይመለሱ። እዚያ ኤክስ ሰርቨር ከሌለ የሩቁ ኮምፒውተር መስኮት ማረፊያ የለውም። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኤክስን ከማክ ጋር አያቀርብም፤ ኤክስኳርትዝን ጭነው፣ ከመለያዎ ወጥተው ተመልሰው መግባት ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ላይ ቪሲኤክስሰርቭን መጠቀም ወይም ሁሉንም በአንድ የያዘውን ሞባኤክስተርም መጫን ይቻላል። በፑቲ፣ በሌላው የኤስኤስኤች ፕሮግራም፣ የሚገቡ ከሆነ፣ በኤስኤስኤች ቅንብሮቹ ሥር ኤክስ11ን የሚያስተላልፈውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አይርሱ።

የእርስዎ በኩል የተሟላ ከሆነና ሲገቡ «የኤክስ11 ማስተላለፍ ጥያቄ አልተሳካም» የሚል መስመር በእንግሊዝኛ ካዩ፣ አሁን ጥፋቱ በእርግጥ ሩቁ ጋ ነው። ሦስት ነገሮች ይታዩ። አንደኛ፣ ኤክስኦውዝ የሚባለው፣ የኤክስን የመግቢያ ቁልፎች የሚያስተዳድረው ትንሽ ፕሮግራም ተጭኗል? ያለማሳያ በተተከሉ ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ከእርሱ ይጀምሩ። ሁለተኛ፣ በኤስኤስኤችዲ (ሩቁ ኮምፒውተር ላይ የኤስኤስኤች ግንኙነትን የሚቀበለው አገልግሎት) የቅንብር ፋይል ውስጥ «ኤክስ11ፎርዋርዲንግ» የሚለው «የስ» ነው? ሦስተኛ፣ በማሽኑ ላይ አይፒ ስሪት 6 (አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) ተዘግቷል? ከተዘጋ ኤስኤስኤችዲ የማሳያ ፖርት መክፈት ሊያቅተው ይችላል፤ በዚያው ፋይል «አድረስፋሚሊ»ን «አይኔት» ማድረግ ይፈታዋል። ቅንብሩን ከለወጡ በኋላ አገልግሎቱን እንደገና ያስጀምሩ፤ በሌላ ተርሚናል መግባት መቻልዎን ሳያረጋግጡ ግን ያለውን ግንኙነት አይዝጉ። በዚህ ቸኩሎ ከማሽኑ ውጭ የተቆለፈ ሰው ብዙ ነው።

ቁጥሩ አለ፣ መስኮቱ ግን ይከለከላል

ይህ የቁልፍ ጉዳይ ነው። ኤክስ ማንም እንዳይገባበት በ32 አኃዝና ፊደል የተጻፈ ምስጢራዊ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ በነጥብ የሚጀምር «ኤክስኦውቶሪቲ» በሚባል ፋይል በየተጠቃሚው ቤት (የግል ማህደር) ይቀመጣል። በ«ሱዱ» ወይም በ«ኤስዩ» ትእዛዝ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው የማሽኑ አስተዳዳሪ) ሲሆኑ፣ ሩት የራሱ ቤት ስላለው የእርስዎ ቁልፍ የለውም። መፍትሄው በራስዎ ስም ሆነው «ኤክስኦውዝ ሊስት» ማለት፣ የማሳያዎን ቁጥር የያዘውን መስመር መቅዳት፣ ከዚያ ሩት ሆነው «ኤክስኦውዝ አድ» ካሉ በኋላ ያንኑ መስመር መለጠፍ ነው። ግን አስቀድመው ያስቡ፤ የሥርዓቱን ፋይል ለማረም ብቻ ከሆነ «ሱዱኤዲት» አርታኢውን በራስዎ ስም ስለሚከፍተው ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ የጥናቷን ግራፎች ማየት አቅቷት ጠራችኝ። ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ይከለክላል። ቅንብሩን ሁሉ አየን፣ ምንም የተለወጠ የለም። በመጨረሻ የቁልፉን ፋይል በዝርዝር ስናወጣው መጠኑ 0 ይላል። የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን «ዲኤፍ» ስንል የቤቷ ዲስክ 100 በመቶ ሞልቷል። ኤክስኦውዝ መጻፊያ ቦታ አጥቶ ስትገባ ቅሬታውን ተናግሮ ነበር፣ ግን ያ መስመር በሰላምታው ጽሑፍ መሃል ጠፍቶባታል። አንድ የቆየ የታመቀ ፋይል ሰርዛ፣ ወጥታ ስትገባ «ኤክስክሎክ» የተባለችው ትንሽ ሰዓት ብቅ አለች። ለፍተሻ ሁልጊዜ ይህችን ሰዓት እጠቀማለሁ፤ ቀላል ስለሆነች፣ እርሷ ካልተከፈተች ሌላ ፕሮግራም መሞከር ዋጋ የለውም።

ዲስኩ ካልሞላ የፋይሉን ባለቤት ይመልከቱ። ቀድሞ በሱዱ የተሠራ ሥራ ፋይሉን የሩት አድርጎት ከሆነ ባለቤት በሚለውጠው «ችኦውን» ወደ ስምዎ ይመልሱት።

«ኤክስሆስት» ካሉ በኋላ የመደመር ምልክት ጽፈው ቁጥጥሩን ሁሉ እንዲያነሱ የሚመክርዎ ሰው ይኖራል። እባክዎ አያድርጉት። በኤክስ ላይ ማሳያዎን ያገኘ ፕሮግራም የሚመቱትን ቁልፍ ሁሉ፣ የይለፍ ቃልዎን ጨምሮ፣ ሊያነብ ይችላል። ዲስፕሌይን በ«ባሽአርሲ» (ተርሚናሉ ሲከፈት በሚነበበው የቅንብር ፋይል) ውስጥ በእጅ መወሰንም እንዲሁ ይቅር፤ ኤስኤስኤች ያዘጋጀውን ትክክለኛ ቁጥር ይደመስሰዋል።

ሲሠራ ቆይቶ እምቢ ሲል

የተከፈቱት መስኮቶች እየሠሩ አዲስ ብቻ ከተከለከለ ጊዜው አልፏል ማለት ነው፤ በትልቁ ኤክስ የሚገኘው ጥብቅ ፈቃድ ሳይለወጥ 20 ደቂቃ ይቆያል። በትልቁ ዋይ ቢገቡ ገደቡ ይነሳል፣ ጥንቃቄውም አብሮ ይነሳል፤ ስለዚህ ለሚያምኑት ማሽን ብቻ ያድርጉት። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ትልቁ ኤክስ ራሱ እንደ ዋይ ተደርጎ ስለሚመጣ ይህ ችግር አይታይም። በ«ቲመክስ» (ግንኙነቱ ቢቋረጥም ተርሚናሎችን ክፍት አድርጎ በሚያቆየው ፕሮግራም) ውስጥ ከሆኑ ግን ሌላ ምክንያት አለ፤ ክፍት ቆይቶ የነበረው ሼል (ትእዛዝ ተቀባዩ) የትናንቱን የማሳያ ቁጥር ይዟል። አዲስ ሼል ይክፈቱ።

ይከፈታል፣ ግን ይንቀረፈፋል

ኤክስ ለአንድ ምናሌ እንኳ ደጋግሞ ይመላለሳል። አንዱ ምልልስ 150 ሚሊሰከንድ ቢወስድና 40 ጊዜ ቢመላለስ 6 ሰከንድ ነው። ትልቁን ሲ ጨምሮ መረጃውን ማመቅ የሚረዳው መስመሩ ጠባብ ሲሆን ነው፤ ርቀቱን አያሳጥርም። አዲስ አበባ ተቀምጦ አውሮፓ ያለ ማሽን ላይ ለሚሠራ ኤክስፕራን እመክራለሁ። መስኮቱን እዚያው ሩቁ ጋ ይዞ ለእርስዎ ሥዕሉን ይልካል። በተለመደው መንገድ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ፕሮግራሙም አብሮ ይሞታል፣ ያልተቀመጠ ሥራም ይጠፋል። በኤክስፕራ ግን መብራት ቢጠፋ እንኳ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆያል፤ መብራቱ ሲመለስ «ኤክስፕራ አታች» ብለው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።