ኮንሰርት ላይ ከታናሽ ጋር የት ይቆማል?

መስቀል አደባባይ ላይ እህት ወይም ወንድም ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ የሮክ ኮንሰርት የምትገቡ፣ መድረኩ ሥር አትጋፉ። ሚክሰሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) የታጠረበትን ቦታ ፈልጉና አጥሩን ተደግፋችሁ ከፊቱ ቁሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመድረኩ ትይዩ፣ ሕዝቡ መሃል ነው። ባለሙያው ድምፁን የሚመጥነው እዚያው ቆሞ በጆሮው እየሰማ ስለሆነ ጊታሩም ዘፋኙም ተለይቶ ይሰማል። ስፒከሩ ሥር ቤዙ ደረት ይደልቃል እንጂ ግጥሙ አይገባም፤ ጆሮም ሲጮህ ያድራል። በዚያ ላይ ጀርባችሁ አጥር ስለሆነ ከኋላ የሚገፋችሁ የለም።

ስልክ ላይ አትተማመኑ። ሰው ሲበዛ ኔትወርኩ ይጨናነቅና መደወል እምቢ ይላል፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ዘግይቶም ቢሆን የመድረስ ዕድሉ የተሻለ ነው። «ሚክሰሩ ጋ፣ በስተግራ» ብላችሁ ላኩ። «እዚህ ነኝ» የሚለው ለማንም አይጠቅምም! ጭራሽ ከተጠፋፋችሁ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለመገናኘት ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ታናሻችሁ ገና ልጅ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ከሰው ጀርባ በቀር የሚያየው ስለሌለ የአደባባዩ ደረጃ ላይ ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ።