«ላንድ አልመጣልኝም»፦ የኮማንደር ደክ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ በኮማንደር ሕግ፣ በአራት ሰው ጠረጴዛ፣ ለማሸነፍ ለሚጫወቱ ነው። መቶ ካርድ፣ ከመሠረታዊ ላንድ በቀር ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ፣ 40 የሕይወት ነጥብ፤ ይሄን ታውቁታላችሁ ብለን እንጀምር። ደክ የተጫዋቹ የካርድ ስብስብ ነው፤ ላንድ ማና የሚሰጥ ካርድ፣ ማና ደግሞ ሌሎቹን ካርዶች ለማውረድ የሚከፈለው፤ ኮማንደር ከቀሩት ካርዶች ተለይቶ የሚቀመጥ መሪ ካርድ ነው።

ምልክት፦ አራተኛ ተራ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ላንድ ይዞ መቆም

«አልሠራ አለኝ» ተብሎ የሚመጣ ደክ በሽታው በአብዛኛው ይሄ ነው። ባለቤቱ ዕድሉን ይረግማል። ላንዶቹን ለብቻ አውጥታችሁ ስትቆጥሩ ግን 31 ወይም 32 ሆነው ይገኛሉ። አዲስ ጥሩ ካርድ በተገኘ ቁጥር ከደኩ የሚወጣው ላንድ ነው፤ አንዱ ዛሬ፣ አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት፣ በመጨረሻ ስድስቱ ሄደዋል።

ሒሳቡን እዩት። ኮማንደሩ ሲወጣ 99 ካርድ ይቀራል። አራተኛ ተራችሁ ላይ 11 ካርድ አይታችኋል፦ 7 መነሻ እጅ፣ 4 የተሳበ (በዚህ ጨዋታ መጀመሪያ የሚጫወተውም ይስባል)። በ31 ላንድ ከነዚህ 11 ካርዶች አራትና ከዚያ በላይ ላንድ የማግኘት ዕድላችሁ 47 በመቶ ነው። በ37 ላንድ 65 በመቶ ይሆናል። መነሻ እጅ ላይ አንድ ላንድ ብቻ ወይም ጭራሹን ባዶ የመምጣቱ ዕድል ደግሞ በ31 ላንድ 29 በመቶ፣ በ37 ላንድ 19 በመቶ ገደማ ነው።

«ራምፕ ስላለኝ ላንድ ቀንሻለሁ» የሚለው ክርክር (ራምፕ ማለት ማና የሚጨምር ካርድ ነው) ሁሌ ይመጣል፤ ስህተት ነው። ይህን እጅ እዩ፦ አንድ ፎረስት (መሠረታዊ ላንድ)፣ አርኬን ሲግኔት፣ ካልቲቬት፣ ኮዳማስ ሪች፣ ሦስት ባለ 6 ማና ፍጡሮች። ሦስት ራምፕ አለ ተብሎ ይያዛል። ግን ሲግኔቱን ለማውረድ ሁለት ላንድ ያስፈልጋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሦስት ሦስት ማና ይጠይቃሉ። ላንድ ካልተሳበ ከፎረስቱ በቀር ስድስቱም ካርድ እጅ ላይ ደርቆ ይቀራል። ሶል ሪንግ (ባለ 1 ማና ራምፕ) ያድነኛል አትበሉ፤ ደኩ ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እስከ አራተኛ ተራ የምታዩት ከ9 ጨዋታ በአንዱ ነው። እንዲህ ያለ እጅ አትያዙ። ከሁለት ሰው በላይ በሚጫወትበት ጨዋታ የመጀመሪያው ሙሊጋን (መነሻ እጅን መልሶ እንደገና መሳብ) ነፃ ነው፤ ያለ ቅጣት ሰባት አዲስ ካርድ ትስባላችሁ። ያንን ሳይጠቀሙ ባለ አንድ ላንድ እጅ መያዝ ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት መስጠት ነው።

መፍትሄው፦ 99ኙን ካርድ ጠረጴዛ ላይ አውርዱና ከላንዶቹ በቀር ያሉትን በማና ዋጋቸው ደርድሩ፤ 0 እና 1 አንድ ረድፍ፣ ከዚያ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ በመጨረሻ 6 እና ከዚያ በላይ። የመጨረሻው ረድፍ ከሁሉም ረዝሞ ታገኙታላችሁ። ቅነሳው ከዚያ ይጀመር። መጀመሪያ የሚወጡት እናንተ እየመራችሁ ሲሆን ብቻ የሚጠቅሙ ካርዶች ናቸው፤ ወደ ኋላ ስትቀሩ ምንም የማይሠራ ባለ 7 ማና ካርድ ቦታ አይገባውም። ከ6 ማና ጀምሮ ያሉት ከስድስት ካርድ አይብለጡ። ላንድ 37 ይሁን፣ ራምፕ 10፤ ከአሥሩ ቢያንስ ሰባቱ 2 ማና ወይም ከዚያ በታች። ኮማንደሩ ባለ 2 ወይም 3 ማና ሆኖ የቀረውም ደክ ርካሽ ከሆነ 35 ላንድ ይበቃል። ኮማንደሩ ባለ 6 ከሆነ 38 አድርጉት። ለላንድ ቦታ ስትፈልጉ ካርድ የሚያስስቡ ካርዶችን እንዳትነኩ፤ አንዱን ቀዳዳ ደፍናችሁ ሌላ ትከፍታላችሁ።

ከዚያ ለብቻችሁ 30 እጅ ፈትኑ። በውዛችሁ 11 ካርድ ቁጠሩና ስንቴ አራት ላንድ እንዳልሞላ ጻፉ። በ37 ላንድ ወደ 10 ጊዜ ገደማ መጉደሉ ጤናማ ነው። በ31 ወደ 16 ይጠጋል።

ላንዱ 37 ሆኖም ችግሩ ካልሄደ እጃችሁን ተመልከቱ፤ አበዋወዙ ላይ ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ላንዶቹ አንድ ላይ ተከምረው ይሰበሰባሉ፣ ሁለት ሦስቴ ብቻ ከተበወዙ እንደተከመሩ ይመጣሉ። ግማሽና ግማሽ አድርጋችሁ እያስገባችሁ ቢያንስ አሥር ጊዜ በውዙ። ላንድና ሌላ ካርድ እያፈራረቁ መደርደር ግን ተዉት። በኋላ በደንብ ከበወዛችሁ ድርደራው ከንቱ ድካም ነው፤ ካልበወዛችሁ ማጭበርበር ነው፣ ውድድር ላይም ያስቀጣል።

ምልክት፦ ላንድ አለ፣ ቀለሙ ግን አይመጣም

በሦስት ቀለም ደክ ይበዛል። ካውንተርስፔል ሁለት ሰማያዊ ማና ይፈልጋል፤ ሰማያዊ የሚሰጡት ላንዶች ዘጠኝ ብቻ ከሆኑ በሁለተኛ ተራ አትጠብቁት። የካርዶቹን የማና ምልክት በየቀለሙ ቁጠሩና መሠረታዊ ላንዱን በዚያው ልክ አከፋፍሉ። ታፕ ሆነው (ተጋድመው፣ በዚያ ተራ ማና ሳይሰጡ) የሚገቡ ላንዶች ከስድስት አይብለጡ፤ እያንዳንዳቸው በገቡበት ተራ አንድ ማና ያስቀሩባችኋል።

ምልክት፦ ስድስተኛ ተራ ላይ እጅ ባዶ

የሚያስስብ ካርድ አንሷል። አሥር ያህል ይኑር፣ ቢያንስ አራቱ ጠረጴዛ ላይ ቆይተው ደጋግመው የሚያስስቡ ይሁኑ።

ምልክት፦ የሁሉንም ፍጡር ትገድላላችሁ፣ ግን ሌላ ሰው ያሸንፋል

ከሁለት ሰው ጨዋታ የመጣ ልማድ ነው። በአንድ ካርድ የአንዱን ተጫዋች ካርድ ስታጠፉ ሁለታችሁም አንድ አንድ ጎደላችሁ፤ የቀሩት ሁለቱ ምንም ሳይከፍሉ አተረፉ። እንደ ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስ ያለውን ባለ 1 ማና ካርድ ጨዋታውን ሊጨርስ ለሚችል ነገር ብቻ አስቀምጡት፤ አስቀያሚ ስለሆነ ብቻ ፍጡር ላይ አታባክኑት። እንዲህ ያሉት ስምንት፣ ጠረጴዛውን ሙሉ የሚጠርጉ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ።

ምልክት፦ ቀዳሚ ሆናችሁም መጨረስ አለመቻል

ሦስት ባላጋራ ማለት 120 የሕይወት ነጥብ ነው። በትንንሽ ጥቃት አያልቅም። የሚጨርሱትን ሦስት ካርዶች ስማቸውን ጥሩ፤ መጥራት ካቃታችሁ ደኩ ውስጥ የሉም ማለት ነው። በአንድ ኮማንደር 21 የውጊያ ጉዳት ማድረስ ተጫዋቹን ያስወጣዋል፤ በዚህ መንገድ ለመጨረስ ያሰበ ደክ ኮማንደሩን የሚጠብቅበት ነገር ይያዝ፣ በሞተ ቁጥር እንደገና ማውረዱ 2 ማና እየጨመረ ይሄዳልና። ላይትኒንግ ግሪቭስ የተባለውን መከላከያ ዕቃ ስታለብሱት ተጠንቀቁ፤ የራሳችሁንም ካርድ ዒላማ ማድረግ ይከለክላል። ሌላ ዕቃ ወይም አስማት ልትጨምሩበት ከሆነ ስዊፍትፉት ቡትስ ይሻላል።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ባላጋራ ከመቃብር (ያገለገሉና የሞቱ ካርዶች ከሚቀመጡበት) ካርድ እያወጣ ካሸነፈ፦ አንድ መሠረታዊ ላንድ አውጥታችሁ መቃብር የሚያጸዳውን ላንድ፣ ቦጁካ ቦግን፣ አስገቡ፤ ጥቁር ለሚጫወት።

ደኩ ምርመራ ላይ ከወደቀ፦ የቆየ ዝርዝር ቀድታችኋል። ማና ክሪፕት፣ ጁዌልድ ሎተስ እና ዶክሳይድ ኤክስቶርሽኒስት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ታግደዋል። በካርዱ ጽሑፍ ውስጥ ያለ የቀለም ምልክትም ከኮማንደሩ ቀለም ውጭ ከሆነ ያስጥላል።

ካርዶቹ ተለይተው ከታወቁ፦ ርካሽ የካርድ ሽፋን ጠርዙ ቶሎ ይተረተራል፣ ከጀርባ ሲታይ ምልክት ያደረጋችሁበት ይመስላል። አንዱ ሲቀደድ አንዱን ብቻ ከሌላ ፓኬት አትተኩ፤ ቀለሙ በትንሹም ቢሆን ይለያል። መቶውንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ።