ባለ ሦስት ጎማ የልጅ ጋሪ ስትገዙ ባዶውን አትሞክሩት

ሱቅ ውስጥ ባዶውን ሲገፉት የማይሽከረከር ጋሪ የለም። ጉዱ የሚታየው ልጅ ሲቀመጥበት ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቦርሳ ያዙ። ውሃ የሞላ ጠርሙስ ብትጨምሩበት ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። (ሻጩ ግር ሊለው ይችላል፣ ግድ የለም።) ቦርሳውን መቀመጫው ላይ በቀበቶ እሰሩትና በአንድ እጅ ብቻ እየገፋችሁ ወዲያ ወዲህ አዙሩት። ከዚያ እጀታውን ወደ ታች ተጭናችሁ የፊት ጎማውን አንሱት። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ በደረሳችሁ ቁጥር የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ክንዳችሁን ካደከመው ይቅርባችሁ።

ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ፊት ለፊት የሚደገፈው በአንድ ነጥብ ነው። ለመጠምዘዝ የሚቀለው ለዚህ ነው። ተዳፋት ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ ጎን ማዘንበል የሚቀናውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክብደት ካልጫናችሁበት ይህን አታዩትም። የኋላ ጎማዎቹ ተራርቀው የተገጠሙትን ምረጡ። የፊት ጎማው የሚቆለፍ መሆኑንም እዩ፤ ኮረኮንች ላይ ካልተቆለፈ እየተወላገደ ያስቸግራል።

ገና ቁጭ ማለት ላልቻለ ሕፃን ግን ይህ ሙከራ ብቻ አይበቃም። መቀመጫው ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ መሆን አለበት። ደግሞ ሦስት ጎማ ስላለው ብቻ እየሮጣችሁ አትግፉት፤ ለሩጫ የተሠራ መሆኑ መመሪያው ላይ መጻፍ አለበት።