ጀጎል ውስጥ ለመንደፍ፦ ከጥላው ጀምሩ

በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ የጀጎል፣ ግድግዳዎች ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ይቀባሉ። ዓይን ወዲያው ወደ ቀለሙ ይሄዳል፤ የሚነድፍ ሰው ግን አስቀድሞ ጥላውን ይይ። መንገዱ የት እንደሚታጠፍ፣ በሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ የሚታወቀው በጥላው ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ቀና ስትሉ ጥላው ቦታውን ለቋል። ስለዚህ የጥላውን ጠርዝ በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች በእርሳስ በስሱ አስምሩት፤ ከዚያ በኋላ አትንኩት። እየተከተላችሁ ካስተካከላችሁት ብርሃኑ ከሁለት አቅጣጫ የመጣ ይመስላል።

እንደ ፈረስ መጋላ ላለ ሰፊ ቦታ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው። አብዛኞቹ ጠባብ መንገዶች ግን በዚያ ሰዓት ገና ጥላ ውስጥ ናቸው፤ የፀሐይዋ ብርሃን ወርዶ አንዱን ግድግዳ እስኪነካ ጠብቁና ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ሞክሩ። ቀትር ላይ፣ በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም የረባ ጥላ አይገኝም።

ዕቃ አታብዙ። በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ያለው ትንሽ ደብተር (ቀጭን ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል)፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ብዕር፣ አምስት ስድስት የውሃ ቀለም፣ አንድ ብሩሽ፣ ጨርቅና የውሃ ጠርሙስ ይበቃል። ብዕሩን ቀድማችሁ ፈትኑት፦ ጫር ጫር አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁና በረጠበ ጣት እሹት። ከለቀቀ፣ ቀለም ስትቀቡ ንድፉን ያጠቁረዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጀጎል ተዳፋት ላይ የተሠራ ከተማ ነው። በዓይናችሁ ቁመት ልክ አግድም መስመር አስምሩ። የበሮች ጉበንና የመስኮቶች ጠርዝ፣ ራቅ እያሉ ሲሄዱ፣ ወደዚህ መስመር ይሰበሰባሉ። ቁልቁል የሚወርድ መንገድ የግራና የቀኝ ጠርዝ ግን የሚገናኘው ከመስመሩ በታች ነው፤ ለዳገት ደግሞ ከመስመሩ በላይ። ሁሉንም አንድ ነጥብ ላይ ካገናኛችሁ ቁልቁለቱ ሜዳ ይሆናል። ማረጋገጫው ሰው ነው፦ በእናንተ ቁመት ያለ ሰው ቁልቁል ሲወርድ ራሱ ከመስመሩ በታች እየወረደ ይሄዳል።

የሐረሩ ገዥ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን የከተማውን ግንብ ስትነድፉ ድንጋዩን ሁሉ አትቁጠሩ። ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ያሉትን ጥቂቶች ብቻ ካወጣችሁ የቀረውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

ጥላውን በጥቁር አትቀቡት፣ ግድግዳውን ይገድለዋል። አልትራማሪን ሰማያዊን ከበርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ) ጋር አቅጥናችሁ በአንድ ጊዜ ሙሉውን አልብሱት፤ ሳይደርቅ ከግርጌው ትንሽ ቢጫ ኦከር (የአፈር ቢጫ) ጣል አድርጉ። ፀሐይ ያረፈበት መሬት ብርሃኑን ወደ ግድግዳው ስለሚመልስ የጥላው ግርጌ ሞቅ ያለ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ይታያችኋል። ፀሐይ ያረፈበትን ነጭ ግድግዳ ወረቀቱን ሳትነኩ ተዉት። ሁለተኛ ቀለም ከመደረባችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፤ ከቀዘቀዘ አልደረቀም፣ ብትደርቡ ይጨቀያል።

ሞቃቷ ድሬዳዋ ከወረዳችሁ ችግሩ ይገለበጣል፤ ቀለሙ ከብሩሹ ቀድሞ ይደርቅና መስመር መስመር ይሠራል። ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ አርጥቡ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሥሩ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረው የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያለና ሜዳማ መንገድ ለጀማሪ ከጀጎል ይቀላል።

ጀጎል ውስጥ ሰው ለመሳል የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ወደሆነው መኪና ግርግር ሂዱ። ልብስ ሰፊው እጁን አንስቶ እዚያው ይመልሳል፤ የራሱን ዘንበል ማለትና ክርኑን ያዙ፣ ሲንቀሳቀስ ጠብቁት፣ ይመለሳል። ጊዲር መጋላ በተባለው ገበያ ግን ነጋዴዎቹን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፦ «እናቴ፣ ብስልዎት ይፈቅዱልኛል?» እምቢ ካሉ ወደ ሕንጻው ዙሩ፤ ከፈቀዱ ስትጨርሱ አሳዩአቸው። ጠባብ መንገድ ላይ መቀመጫ አትዘርጉ፣ አህያም ሰውም ያልፋል። ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡና ቁሙ፤ ልጆችም ከኋላ አይገፏችሁም።

ካልጨረሳችሁ ኅዳጉ ላይ ሰዓቱን፣ የቆማችሁበትን ቦታና የግድግዳውን ቀለም ጻፉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ከተመለሳችሁ ጥላው እዚያው ጠርዝ ላይ ይሆናል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በግልጽ ፈቀቅ ስለሚል አዲስ ገጽ ጀምሩ።